አሮጌ ካራቫን እንዳያፈስ፣ እርጥበት እንዳይበላው

እንግሊዝ አገር ውስጥ አሮጌ ተጎታች ካራቫንን፣ ማለትም በመኪና የሚጎተተውን የሽርሽር ቤት፣ የሚጨርሰው የመንገድ ርዝመት አይደለም፤ ውሃ ነው። ጎማ ይቀየራል፣ ፍሬን ይታደሳል፣ ፍሪጅ ከተበላሸ ሌላ ይገጠማል። የግድግዳው እንጨት ከበሰበሰ ግን ማሠሪያው ካራቫኑ ከሚያወጣው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። በበጋ ልጆቹን ይዞ ወደ ዌልስ ወይም ወደ ኮርንዎል ባሕር ዳርቻ መውጣት ለሚፈልግ፣ የሆቴል ዋጋ ግን ለሚከብደው ቤተሰብ አሮጌ ካራቫን ጥሩ መላ ነው። የተገዛበትን ገንዘብ ውሃ እንዳይበላው ምን ማድረግ እንደሚቻል በቅደም ተከተል እነሆ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር። ብዙ ሰው ግድግዳው ላይ እርጥበት ሲያይ ቶሎ ብሎ ሲሊኮን ይገዛና ከውጭ ይለቀልቃል። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ። ውሃው የገባበትን ሳታውቁ የምትለቀልቁት ሁሉ ጉዳቱን ይሸፍናል እንጂ አያቆምም። ጭራሽ ውስጥ የገባው ውሃ መውጫ ያጣል። መጀመሪያ ማግኘት፣ ቀጥሎ መክፈት፣ ከዚያ ማድረቅ፣ መጨረሻ ላይ ማሸግ። ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፤ ሲገለበጥ ሥራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ግድግዳው ውስጥ ምን አለ?

የስዊፍት፣ የቤይሊ፣ የኤልዲስ፣ የሉናር ወይም የኮችማን የቆየ ካራቫን ቢሆን የግድግዳው አሠራር ብዙም አይለያይም። ከውጭ ስስ አሉሚኒየም አለ። መሃል ላይ ቀጫጭን የእንጨት ማገር ተዘርግቶ፣ በማገሩ መካከል ሙቀት የሚይዝ ፎም ይሞላል። ከውስጥ ደግሞ በቀጭን ፕላስቲክ የተለበጠ ስስ ኮምፐርሳቶ አለ። የውስጡ ግድግዳ ውፍረት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ውሃ አንዴ ከነካው ቶሎ ይለሰልሳል።

ጣሪያና ግድግዳ የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ረጅም የአሉሚኒየም ዘንግ ታያላችሁ። የጎን ድንኳኑ፣ ማለትም አውኒንጉ፣ የሚንሸራተተው እዚህ ዘንግ ውስጥ ነው። ከዘንጉ ሥር ማስቲክ የሚባለው ለስላሳ ማሸጊያ ተነጥፏል። ዘንጉን የያዙት ብሎኖች ከፊት እስከ ኋላ ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ብሎን አሉሚኒየሙን በስቶ እንጨቱ ውስጥ ይገባል። ከላይ የሚታየው ቀጭን የፕላስቲክ ክር የብሎኖቹን ራስ ይሸፍናል እንጂ ውሃ አያግድም።

እንግዲህ ካራቫኑ ዙሪያውን በብዙ ቦታ የተበሳ ነው ማለት ነው። ውሃውን የሚያግደው ያ ለስላሳ ማስቲክ ብቻ ነው። ማስቲክ ደግሞ ዕድሜ አለው። ፀሐይና ብርድ ሲፈራረቁበት ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። መንገድ ላይ ካራቫኑ በተንገጫገጨ ቁጥር መገጣጠሚያው ይላላል። ካራቫናችሁ ከ10 ዓመት በላይ ከሆነውና ማሸጊያው ተቀይሮ የማያውቅ ከሆነ፣ ባያፈስም እንኳ መፈተሽ አለበት። ከ2010 ገደማ ወዲህ እንደ ቤይሊ አሉ-ቴክ ያሉ አሠራሮች መጥተው የውጭ ብሎንና መገጣጠሚያ ቀንሰዋል። ከዚያ በፊት የተሠሩት ግን አብዛኞቹ ከላይ እንደተገለጸው ናቸው።

አንደኛ፦ አልቦት ነው ወይስ አፍስሶ?

ካራቫን ውስጥ የምናየው እርጥበት ሁለት ምንጭ አለው። አንዱ ከውስጥ የሚመጣ ላብ ነው፤ የእኛው ትንፋሽና የምግቡ እንፋሎት ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ውሃ ይሆናል። ሌላው ከውጭ በቀዳዳ የሚገባ ዝናብ ነው። መፍትሔያቸው ለየቅል ስለሆነ መጀመሪያ መለየት አለባቸው።

ላብ ከሆነ ጠዋት መስኮቱ ላይ ጠብታ ይታያል፤ ፍራሽ ሥርና የቁም ሳጥን ጥግ ላይ ይረጥባል፤ አየር ሲገባ ይደርቃል። ሻጋታው ብዙ ጊዜ ከላይ ብቻ የተበተነ ጥቁር ነጠብጣብ ነው፤ ሲጠረግ ግድግዳው ሥሩ ጠንካራ ሆኖ ይገኛል። ያፈሰሰ ከሆነ ግን ቡናማ የውሃ መንገድ ይታያል። የግድግዳው ልባጥ ይነፋል ወይም ይጨማደዳል። በአውራ ጣት ስትጫኑት ይሰረጉዳል። በበጋ እንኳ የማይለቅ የምድር ቤት ዓይነት ሽታ ይኖረዋል።

ካልለየላችሁ የወጥ ቤት ፎይል ቁረጡና ግድግዳው ላይ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አጥብቃችሁ ለጥፉ። በማግስቱ እዩት። በእናንተ በኩል ያለው ገጽ ከረጠበ ነገሩ ላብ ነው። ከፎይሉ ጀርባ፣ በግድግዳው በኩል ከረጠበ፣ ውሃው ያለው ግድግዳው ውስጥ ነው። አሮጌ ካራቫን ላይ ሁለቱም አንድ ላይ ቢገኙ አትገረሙ።

ሁለተኛ፦ በእጅ፣ በአፍንጫ፣ በመሣሪያ መፈተሽ

ፍራሾቹን በሙሉ አውጡ። የመቀመጫ ሳጥኖቹን ክፈቱ፤ ከላይ ያሉትን ቁም ሳጥኖች ባዶ አድርጉ። ችግሩ የሚደበቀው እዚያ ነው። አራቱን ጥግ ከላይ እስከ ታች፣ የመስኮቶቹን ታችኛ ጥግ፣ የጣሪያ መስኮቱን ዙሪያ፣ የበሩን ግራና ቀኝ፣ የጎማውን መከለያ ዙሪያ በጣት ተጫኑ። ባትሪ ይዛችሁ ብርሃኑን ወደ ጎን አጋድማችሁ አብሩ፤ የተነፋ ግድግዳ ጥላ ስለሚጥል ወዲያው ይታወቃል።

ከውጭም እዩ። አሉሚኒየሙ ላይ ብጉር የመሰሉ ትናንሽ እብጠቶች፣ ወይም ነጭ ዱቄት የሚተፉ ነጥቦች ካሉ መጥፎ ምልክት ነው። ውስጡ ያለው እርጥብ እንጨት አሉሚኒየሙን ከጀርባ እየበላው ነው ማለት ነው። የዘንጉን የፕላስቲክ ክር ትንሽ ገልጣችሁ የብሎኖቹን ራስ ተመልከቱ። ዝገት ካለ ውሃ እዚያ ደርሷል።

ከዚያ የእርጥበት መለኪያ። ሁለት ሹል ጥርስ ያለው ትንሽ መሣሪያ ነው፤ ከእንጨት መሥሪያ ዕቃ ሱቅ በርካሽ ይገኛል። ጥርሱ ትንሽ ቀዳዳ ስለሚተው ፍራሽ ወይም ሳጥን በሚሸፍነው ቦታ ውጉት። ጥርስ የሌለውም አለ፤ እሱ ግን ከግድግዳው ጀርባ ያለ ብረት ሊያሳስተው ይችላል። በሙያው ያሉ ሰዎች በግርድፉ እንዲህ ያነቡታል፦ ከ15 በመቶ በታች ደህና ነው። ከ15 እስከ 20 ከሆነ በቅርብ መከታተል ያስፈልጋል። ከ20 ካለፈ ውሃ ከአንድ ቦታ እየገባ ነው ብላችሁ ፈልጉ። 30 እና ከዚያ በላይ ሲሆን እንጨቱ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል መከፈት አለበት።

ዋናው ቁም ነገር ግን አንዱ ቁጥር አይደለም፤ ልዩነቱ ነው። ግድግዳው በሙሉ 12 እያለ አንዱ ጥግ 19 ካለ፣ 19 ከ20 በታች ነው ብላችሁ አትለፉት። የካራቫኑን ንድፍ በወረቀት ሳሉ፤ የለካችሁበትን እያንዳንዱን ቦታ ከነቁጥሩና ከነቀኑ ጻፉ። በሚቀጥለው ጊዜ እነዚያኑ ቦታዎች ለኩ። ቁጥሩ ከፍ እያለ የሚሄድበት ቦታ ራሱ ይናገራል።

ገና ልትገዙ ከሆነም ይህንኑ አድርጉ። መለኪያውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ቢቻል ዝናብ ጥሎ ባለፈ ማግስት። ሻጩ ፍራሽ ማንሳት ካልፈቀደ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። አንዱ ጥግ ብቻ አዲስ ልባጥ ተለጥፎበት፣ ወይም ካራቫኑ በሽቶ ታፍኖ ካገኛችሁት ምክንያቱን ጠይቁ። በየዓመቱ የተደረገ የሰርቪስ ወረቀት ካለ የእርጥበት ልኬቱ በዝርዝር ይያያዛል፤ እሱን ሳታዩ አትስማሙ።

ሦስተኛ፦ የገባበትን ማግኘት

እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ክረምት ላይ ውሃው የሚንጠባጠበው አልጋው ላይ ቢሆንም የላላው ሚስማር ያለው ወዲያ ማዶ ነው። ካራቫንም እንደዚያው ነው። ከላይኛው ዘንግ የገባ ውሃ ማገሩን ይዞ ይሄድና ከፊተኛው መስኮት ሥር ወይም ከወለሉ ጥግ ላይ ብቅ ይላል። የረጠበው ቦታ የመንገዱ መጨረሻ ነው። ከዚያ ወደ ላይና ወደ ጎን እየተከተላችሁ ፈልጉ። ካራቫኑ ለወራት ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሎ ቆሞ ከነበረ ውሃውም ወደዚያው ሄዷል፤ ይህን አስታውሱ።

ለመፈለግ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ውስጥ ባትሪና ሶፍት ይዞ ይቀመጥ። ሌላው ከውጭ በአትክልት ማጠጫ ጎማ ውሃ ያፍስስ። ከታች ጀምሩ። መጀመሪያ የመስኮቱ ታች፣ ከዚያ ጎኑ፣ ከዚያ መብራቱ፣ ከዚያ የጥግ እጀታው፣ መጨረሻ ላይ ዘንጉና ጣሪያው። አንድ ቦታ ላይ ቢያንስ 10 ደቂቃ ቆዩ፤ ውሃው ማገሩን አቋርጦ እስኪመጣ ጊዜ ይወስዳል። ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው ሁሉንም ነገር ስለሚያረጥበው የቱ እንዳፈሰሰ አይለይም።

በከፍተኛ ግፊት የሚያጥብ ማሽን አትጠቀሙ። ዝናብ በሕይወቱ በማይገባበት ቀዳዳ ውሃ ያስገባል፤ ደህናውንም መገጣጠሚያ ይፈታል። ካራቫኑን ለማጠብም ስፖንጅና ባልዲ ይበቃል። ጣሪያው ላይም አትውጡ። አብዛኛው የካራቫን ጣሪያ የሰው ክብደት አይችልም። ከጎን መሰላል አቁሙና ከዚያ ሥሩ።

በዚህ መንገድ ካልተገኘ ግፊት የሚፈትሹ ባለሙያዎች አሉ። ካራቫኑ ውስጥ በማራገቢያ አየር ይነፋሉ፤ ከውጭ ሳሙና ይቀባሉ። አረፋ የወጣበት ቦታ ቀዳዳው ነው። ለተደበቀ ቀዳዳ ከዚህ የተሻለ ነገር አላየሁም።

አራተኛ፦ ዘንጉን አውርዶ እንደገና ማሸግ

ለአሮጌ ካራቫን ከዚህ የሚበልጥ ውለታ የለም። አድካሚ ነው፤ ግን መደበኛ የእጅ ሙያ ያለው ሰው ይችለዋል። ቢያንስ ለሁለት ሦስት ቀን ዝናብ የማይኖርበትን ጊዜ ምረጡ። ወይም ጣሪያ ያለው ቦታ ፈልጉ። ማስቲክ በብርድ አይጣበቅም፤ ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነ ተዉት። አንዱን ጎን ጨርሳችሁ ሳትገጥሙ ሌላውን አትክፈቱ።

የሚያስፈልገው፦ ካቻቢቴ፣ ትራፓኖ፣ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ስፓቱላ፣ ዋይት ስፒሪት (የቀለም ማቅጠኛ)፣ ብዙ ጨርቅ፣ በጥቅል የሚሸጥ የቡቲል ማስቲክ፣ በሲሊኮን መግፊያ መሣሪያ የሚገፋ የማይደርቅ ማስቲክ፣ የማይዝጉ አዳዲስ ብሎኖች፣ አዲስ የፕላስቲክ ክር።

የፕላስቲኩን ክር ከአንዱ ጫፍ ይዛችሁ ሳቡት። አሮጌው ተመልሶ አይገባም፤ ጣሉት። ብሎኖቹን ከአንድ ጫፍ ጀምራችሁ ፍቱ። ራሱ በዝገት የተበላ ብሎን ካጋጠማችሁ በግድ አትጠምዝዙ፤ ራሱን በትራፓኖ ብሱትና ዘንጉ ከወረደ በኋላ የቀረውን ግንድ በፒንሳ ንቀሉ። ዘንጉ ብሎኖቹ ከወጡም በኋላ በአሮጌው ማስቲክ ተጣብቆ ይቀራል። ስፓቱላውን ከሥሩ አስገብታችሁ ቀስ በቀስ አላቁት። በብረት አትፈልቅቁ፤ አሉሚኒየሙ ከተጨረጨሰ ወይም ከተጣመመ ዳግመኛ ልክ አይገጥምም። ዘንጉ ረጅም ስለሆነ ሁለት ሰው ከሁለት ጫፍ፣ ቢቻል ሦስተኛ ሰው ከመሃል ይያዝ። መሃሉ ላይ ከተቀጠፈ አለቀለት።

አሁን ካራቫኑ ገመናውን ይነግራችኋል። ጤነኛ እንጨት ነጣ ያለና ጠንካራ ነው፤ የካቻቢቴው ጫፍ አይገባበትም። የረጠበው ይጠቁራል። የበሰበሰው በጣት ሲነኩት እንደ እርጥብ ካርቶን ይፈርሳል። ከረጠበ ዝም ብላችሁ አትሸጉት። ከላይ ውሃ እንዳይገባበት ሸራ ወጥራችሁ፣ አየር እያገኘ፣ ውስጡን እያሞቃችሁ መለኪያው ከ15 በታች እስኪል ቆዩ። ከበሰበሰ ደግሞ የሞተውን ቆርጣችሁ እስከ ጤነኛው እንጨት አውጡ። በልኩ የተቆረጠ አዲስ እንጨት የመበስበስ መከላከያ ቀብታችሁ፣ አጣብቃችሁ፣ በብሎን እሰሩ።

ቀጥሎ ጽዳት። ብዙ ሰው የሚሰለቸው እዚህ ላይ ነው፤ ሥራው የሚበላሸውም እዚሁ ነው። ዘንጉ ጀርባና ካራቫኑ ጠርዝ ላይ ያለውን አሮጌ ማስቲክ በሙሉ ጥረጉ። ትልልቁን በስፓቱላ፣ የቀረውን በዋይት ስፒሪት በራሰ ጨርቅ። አሉሚኒየሙ ላይ እጃችሁን ስታንሸራትቱ ምንም የሚያጣብቅ ነገር መኖር የለበትም። ከዚህ በፊት ሰው ሲሊኮን ቀብቶበት ከሆነ የሲሊኮኑ ቅሪት እስኪለቅ ድረስ ምንም አዲስ ነገር አይዝም። ሲሊኮንን አታምጡብኝ የምለው አንድም በዚህ የተነሣ ነው። ሌላው ምክንያት፣ አንዳንዱ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን አሉሚኒየምን ሊጎዳ ይችላል።

የብሎን ቀዳዳዎቹ ከላሉ በእንጨት ሙጫ የተነከረ የክብሪት እንጨት ሙሉባቸውና ሲደርቅ ከላይ ቁረጡት፤ ወይም አንድ ደረጃ ወፈር ያለ ብሎን ተጠቀሙ። ከዚያ የቡቲሉን ጥቅል በዘንጉ ጀርባ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለጥፉ። የሚቀጠልበት ቦታ ካለ አንዱ በሌላው ላይ ይደረብ። ጥጉ ላይ፣ ሁለት ዘንግ በሚገናኝበት፣ ትንሽ ማስቲክ ጨምሩ። ውሃ የሚወደው ቦታ እሱ ነው።

ዘንጉን መልሳችሁ ያዙትና ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ሁለቱ ጫፍ እየሄዳችሁ ብሎን ግጠሙ። እያንዳንዱን ብሎን ከመግባቱ በፊት ጫፉን ማስቲክ አስነኩት። መጀመሪያ ላላ አድርጋችሁ ሁሉንም አስገቡ፤ ከዚያ ዞራችሁ አጥብቁ። ማስቲኩ በጎን እኩል ሲጨመቅ ማየት አለባችሁ። የማይወጣበት ቦታ ካለ እዚያ ጋ ክፍተት አለ። በማግስቱ ፀሐይ ካሞቀው በኋላ እንደገና ዙሩበት፤ ማስቲኩ ሲረግብ ብሎኑ ትንሽ ይላላል። ከመጠን በላይ ግን አታጥብቁ፤ ማስቲኩ ሁሉ ተጨምቆ ከወጣ የሚያሽገው ነገር አይቀርም። በጎን የወጣውን በፕላስቲክ ቆርጣችሁ አንሱ፤ አዲሱን ክር አስገቡ፤ አለቀ።

ጠንካራ የፖሊዩሬቴን ማጣበቂያ ከዘንግ ሥር እንዳትጠቀሙ። ይይዛል፤ ችግሩ ያለልክ መያዙ ነው። ከዓመታት በኋላ ሌላ ሰው ሲከፍተው አሉሚኒየሙ ይቀደዳል። የካራቫን መስኮት የሚሠራበትን አክሪሊክ ፕላስቲክም ሊሰነጥቀው ስለሚችል እዚያም አይሆንም።

መስኮት፣ መብራት፣ እጀታ

አሠራሩ ያው ነው፦ መፍታት፣ ማጽዳት፣ በአዲስ ማስቲክ መመለስ። ከፊትና ከኋላ ከፍ ብለው ያሉት ትናንሽ መብራቶች፣ ካራቫኑን የምንገፋበት የጥግ እጀታ፣ የቴሌቪዥን አንቴናው እግር፣ የጣሪያ መስኮቱ ዙሪያ ዋነኞቹ ተጠርጣሪዎች ናቸው። እጀታው በተለይ አይናቅ፤ ሰው እየሳበውና እየገፋው ሥሩ ይላላል። የመስኮቱን ጎሚኒ በሳሙና ውሃ አጽዱና የጎማ መንከባከቢያ ቀቡት። ደርቆ ከተሰነጠቀ ይቀየር። የጣሪያ መስኮቱን ብሎን ስትመልሱ በእጅ ብቻ፤ ፕላስቲኩ ቶሎ ይሰነጠቃል።

ስታዩት ምንም ለማይታይ የፀጉር መስመር ያህል ስንጥቅ ወደ ውስጥ ሰርጎ የሚደርቅ ቀጭን ፈሳሽ ማሸጊያ በጠርሙስ ይሸጣል። ለጣሪያ መስኮት ጠርዝ ይረዳል። ላረጀ ዘንግ ግን ምትክ አይሆንም።

ወለሉ ከለሰለሰ

ስትራመዱበት ወለሉ የሚረግብ ወይም የሚንቋቋ ከሆነ ሁልጊዜ ውሃ አፍስሶ ነው ማለት አይደለም። የካራቫን ወለል ሁለት ኮምፐርሳቶ በመሃል ፎም ይዞ የተጣበቀ ነው። በር አካባቢና ወጥ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ሰው በሚመላለስበት ቦታ፣ ማጣበቂያው ይለቃል። መለኪያው ደረቅ ካለ ቀዳዳ በስቶ ሁለት ፈሳሽ የሚቀላቀልበትን ሬዚን ማስገባትና ክብደት ጭኖ ማድረቅ ነው፤ ለዚህ የተዘጋጀ ዕቃ በአንድ ላይ ይሸጣል። እርጥብ ካለ ግን መጀመሪያ ከሥር ገብታችሁ እዩ። በክሪክ ብቻ ከቆመ ካራቫን ሥር በፍጹም አትግቡ፤ ጠንካራ መደገፊያ ይኑረው።

ላቡን መቀነስ

አሁን ወደ ራሳችን። ካራቫን ትንሽ ክፍል ነው፤ አራት ሰው ሌሊቱን ሲተነፍስበት ጠዋት መስኮቱ ቢያለቅስ አይገርምም። በዚያ ላይ ጋዝ አለ። 1 ኪሎ ፕሮፔን ወይም ቡቴን ሲነድ ከ1.5 ሊትር በላይ ውሃ በእንፋሎት ይወጣዋል። ግድግዳው ላይ የተገጠመው የጋዝ ማሞቂያ ጭሱን በቱቦ ወደ ውጭ ስለሚያስወጣ ከነእንፋሎቱ ይሄዳል። ምድጃው ግን ሁሉንም የሚለቀው ክፍሉ ውስጥ ነው።

የእኛ ምግብ ደግሞ ረጅም እሳት ይፈልጋል። ሽንኩርቱ እስኪበስል፣ ወጡ እስኪንተከተክ ሰዓታት ያልፋሉ። መላው ቀላል ነው፦ ወጡን ቤት ሠርታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ እዚያ ማሞቅ ብቻ። ካልሆነ በተንቀሳቃሽ ምድጃ ድንኳኑ ሥር ሳይሆን ውጭ፣ አየር ላይ አብስሉ። ውስጥ የምታበስሉ ከሆነ ክዳን ክደኑ፤ የጣሪያ መስኮቱን ክፈቱ።

ቡና በጋዝ ማፍላት ይቻላል። ከሰል ግን ካራቫን ውስጥ አይገባም። ለዕጣን የሚሆን አንድ ፍም እንኳ። ድንኳን ውስጥም አይሆንም። ከሰል የሚለቀው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ በተዘጋ ትንሽ ቦታ ይገድላል። የባርቤኪዩ ከሰል ጠፍቷል ብለው ወደ ድንኳን ወይም ወደ ካራቫን አስገብተው የሞቱ ሰዎች አሉ። ረከቦቱንና ዕጣኑን ውጭ ሣር ላይ ዘርጉ፤ ጎረቤትም ይጠጣል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወል ካራቫኑ ውስጥ ከሌለ ከማስቲኩ በፊት እሱን ግዙ።

ብርድ ገባብን ብላችሁ ወለሉና በሩ ላይ ያሉትን የአየር ቀዳዳዎች አትድፈኑ። የወለሉ ቀዳዳ ለአየር ብቻ አይደለም። ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ካመለጠ ወደ ታች ወርዶ የሚወጣው በዚያ ነው። እርጥብ ልብስና ፎጣ ውስጥ አትስቀሉ። ፍራሹ ሥር አየር የሚያሳልፍ የእንጨት ርብራብ ወይም ምንጣፍ አድርጉ። ጠዋት መስኮቱን ጥረጉና ጨርቁን ውጭ ጭመቁ።

ለክረምት ማቆም

ከኦክቶበር እስከ ማርች ካራቫኑ ሳይነካ የሚቆምበት ጊዜ ነው። አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰውም ያኔ ነው፤ ሰው ስለማያየው።

ከማቆማችሁ በፊት ጣሪያውን ከመሰላል ላይ ሆናችሁ እጠቡ። የዘንጉ ቦይ ውስጥ የተጠራቀመ ቅጠልና ጭቃ ውሃ ያቁራል፤ አውጡት። የውሃ ታንኩንና ቧንቧውን አፍስሱ፤ ቧንቧዎቹን ክፍት ተዉ። ውሃ ውስጥ ቀርቶ ከበረደ ቧንቧውን ይሰነጥቀዋል፤ በጸደይ ስትከፍቱ ወለሉ ይጥለቀለቃል። ፍራሾቹን ቤት ውሰዱ። ቦታ ከሌለ በጎናቸው አቁሟቸው፤ ከግድግዳ ይራቁ። ሳጥንና ቁም ሳጥን፣ ፍሪጁም ጭምር፣ በሩ ክፍት ይሁን።

ካራቫኑን ፍጹም ውሃ ልክ አድርጋችሁ አታቁሙት። ፊቱን በትንሹ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጉት፤ ጣሪያው ላይ ውሃ እንዳይተኛ። ዛፍ ሥር አታቁሙት። መሸፈን ከፈለጋችሁ ለካራቫን ተብሎ የተሠራ፣ አየር የሚያስተነፍስ ጨርቅ ግዙ። ተራ የፕላስቲክ ሸራ እርጥበቱን አምቆ ይይዛል፤ ነፋስ ሲያወዛውዘውም መስኮቱን ይቧጭራል።

እርጥበት የሚመጥ ጨው በሳህን ማስቀመጥ ይረዳል፤ ሲሞላ ካልተደፋ ግን ወለሉ ላይ ይፈሳል። ኤሌክትሪክ ካለ ዲሂዩሚዲፋየር፣ ማለትም ከአየር እርጥበት የሚመጥ ማሽን፣ የተሻለ ነው። ሆኖም የአየር ቀዳዳዎቹ ክፍት ስለሆኑ የውጭውንም አየር ሲመጥ ይውላል። በርና መስኮት ዘግታችሁ አልፎ አልፎ ብቻ አብሩት። ለአፈሰሰ ካራቫን ማሽኑ መፍትሔ አይደለም፤ ከተጠገነ በኋላ ለማድረቅ ነው የሚያገለግለው።

በወር አንዴ፣ በተለይ ከትልቅ ዝናብና ነፋስ በኋላ፣ ሄዳችሁ ግቡ። አሽትቱ፣ ጥጎቹን ዳስሱ፣ ለኩ፣ ጻፉ። ማርች ላይ ፍራሾቹን ከመመለሳችሁ በፊት ሙሉውን ንድፍ እንደገና ለኩና ከኦክቶበሩ ጋር አስተያዩ። ዘንጉን ያደሳችሁበት ጎን ቁጥሩ ከወረደ ማሸጊያው ይዟል። አንድ ቦታ ላይ ሁለትና ሦስት ነጥብ ከፍ ብሎ ካገኛችሁት፣ የበጋው ጉዞ ሳይጀመር የውሃ ጎማውን ዘርግታችሁ ከታች ወደ ላይ ፍለጋውን ጀምሩ።